ክረምቱ በአንደኛ ማርሽ

ሐምሌ 3 ቀን 2009፣ ሰኞ

ይህን ደብተር ያመጣችልኝ ትርፌ ናት፣ የመጨረሻ ልጄ። «አባ፣ ጻፍበት። እጅህም ይፍታታ» አለችኝ። እጄ ምን ሆነና ነው የሚፍታታው? ዕድሜ ልኩን የጭነት መኪና መሪ የያዘ እጅ ነው። የድሮ ኤንትሬ መሪ እንደ ዛሬው በአንድ ጣት አይዞርም፤ ትከሻ ይፈልጋል።

ቢሆንም ጻፍኩ። በመሠረተ ትምህርት ዘመን ሰርተፊኬት ወስጃለሁ። ግድግዳው ላይ ከፋንታዬ ፎቶ አጠገብ ተሰቅሏል። ፋንታዬ ባለቤቴ ነበረች። አሁን ከጓሮ፣ ከእንሰቱ ማዶ ነው ያለችው። በማለዳ መስኮቱን ስከፍት መጀመሪያ የማየው እሷን ነው።

ዝናብ። መስመሩ መጨረሻ ላይ ፊደሉ እያነሰ ሄደ። እስክሪብቶው ርካሽ ነው።

ሐምሌ 7

ሀብታሙ ከሐዋሳ ደወለ። ትልቁ ልጄ ነው፣ የቢሮ ሰው።

«አባ፣ ለጊፋታ እመጣለሁ። ከበዓሉ በኋላ አብረን እንሄዳለን።»

«ወዴት?»

«ወደ እኔ ነዋ። ክፍልህ ተዘጋጅቷል።»

የሚኖረው ፎቅ ላይ ነው። መስኮቱን ብትከፍት የሌላ ሰው መስኮት ታያለህ። «እኔ ጭነት ነኝ እንዴ ጭነህ የምትሄደው?» አልኩት።

«ወድቀሃል አሉ። ቦሼ ነገረችኝ።»

ቦሼ ጎረቤቴ ናት። አልወደቅሁም። መሬቱ ረጥቦ ነበር፣ ተቀመጥኩ።

ሐምሌ 8

ቦሼን በአጥር ላይ ያዝኳት። «ወደቀ ብለሽ ለልጄ ታወሪያለሽ?»

«ታዲያ ጋሽ ዳልጮ፣ ጭቃ ላይ በጀርባው ተኝቶ ሰማይ እያየ ነው ልበለው?»

ምላስ! ከፋንታዬ ጋር ሲውሉ ነው የተማማሩት።

ሐምሌ 15፣ ቅዳሜ

ትርፌ አዲስ ካሜራ ይዛ መጣች። መናኸሪያው አጠገብ ስቱዲዮ አላት። ሠርግ ታነሳለች፣ የመዘምራን ክሊፕ ታነሳለች። ገደላማውም ሜዳውም ላይ በነጭ ልብስ እየተወዛወዙ ሲዘምሩ የምታዩት የእሷ የእጅ ሥራ ነው።

መንገድ ላይ ያነሳችውን ባጃጅ አሳየችኝ። ባጃጁ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ጎማው ወደ ኋላ ይዞራል። ሳቅኩባት። «ይሄ ካሜራ ተበላሽቷል፣ መልሺው» አልኳት።

«አልተበላሸም አባ። ካሜራ እንደ ሰው አያይም። በአንድ ሰከንድ ውስጥ ሃያ አምስት ፎቶ ያነሳል። በፎቶና በፎቶ መካከል ዓይኑን ይጨፍናል። ዓይኑን እስኪገልጥ ጎማው ሙሉ ዙር ሊሞላ ትንሽ ከቀረው፣ ወደ ኋላ የተመለሰ ይመስላል።»

ትንሽ አሰብኩበት። ገባኝ። ጎማ የሚያውቅ ሰው ይገባዋል።

ቀጠለች። ይሄ ካሜራ ቁጥሩ ይቀየራል አለች። ሌላው ሃያ አምስት ብቻ ነው፣ ይሄ ከፈለጉ ዝቅ፣ ከፈለጉ ከፍ። መቶ አንስታ በሃያ አምስት ስታጫውተው አንዱ ሰከንድ አራት ይሆናል፤ ሰው ውሃ ውስጥ እንደሚሄድ ይሄዳል።

«አንደኛ ማርሽ ነዋ!» አልኳት። «ሞተሩ ይዞራል፣ ይጮኻል፣ መኪናው ግን እንደ ኤሊ።»

እጇን አጨበጨበች። «ልክ ነህ! ነዳጁ ደግሞ ብርሃን ነው። ቁጥሩ ሲጨምር ብርሃን ይበላል። በክረምት ደመና መቶ ባነሳ ይጨልምብኛል።»

ከዚያ ነገሩን አመጣችው። ፊልም ልትሠራ ነው፣ የራሷን። አንድ ሽማግሌ ከውጭ በር ተነስቶ ግቢውን አቋርጦ ቤቱ ይገባል።

«ከዚያስ?»

«ይገባል። በቃ።»

«የሚተኩስበትስ የለም?»

«የለም።»

ሽማግሌው እኔ ነኝ። በዝግታ ልታነሳኝ ትፈልጋለች። እምቢ አልኳት። ዳልጮ ከሶዶ ሻሸመኔ ደርሶ ሲመለስ የሌላው ሾፌር ሻይ አልበረደም ይባል ነበር። ቀስ ብሎ የሚሄድ ሰው ከፈለገች ጓደኛዬን ጉልላትን ታንሳው።

ሐምሌ 19

ከሰዓት ጋደም ብዬ ሕልም አየሁ።

ከዳሞታ ተራራ እየወረድኩ ነው፣ በዚያችው በድሮዋ ኤንትሬ መኪናዬ። ድምፅ የላትም። ዝናብ አለ፣ ግን አይወርድም፤ ጠብታው በአየር ላይ ተንጠልጥሏል፤ መስታወቱ ሲነካው ወደ ጎን እልፍ ይላል፣ እንደ ጨዋ ሰው። ፍሬን ስይዝ እግሬ ይሰምጣል። ከመንገዱ ዳር ፋንታዬ የእንሰት ቅጠል ራሷ ላይ አድርጋ ቆማለች፣ ፊቷን ወደ ተራራው። ጥሩምባ ነፋሁ። ጥሩምባውም ድምፅ የለውም። መዞር ጀመረች። መጀመሪያ ቅጠሉ ዞረ፣ ከዚያ ትከሻዋ፣ ከዚያ ጆሮዋ፣ ጉትቻዋ። ጉንጯ ላይ ስደርስ ነቃሁ።

በሕይወት ሳለች በማለዳ መኪናውን ሳስነሳ በሩ ላይ ቆማ «ቀስ በል» ትለኝ ነበር። ሁልጊዜ። እኔ ደግሞ እቆጣለሁ። ለሾፌር በማለዳ እንዲህ አይባልም፤ ያኔ ሁላችንም እንደ ሟርት ነበር የምናየው።

ሐምሌ 23፣ እሑድ

የሀብታሙ ሠርግ በድሮ ካሴት ነበር። ትርፌ ወደ ኮምፒውተር ገልብጣዋለች። እዚያ ውስጥ ፋንታዬ አለች። ዳስ ውስጥ ሰሃን ይዛ ታልፋለች፣ አንድ ሰው ይጠራታል፣ ትዞራለች፣ ካሜራውን ታያለች፣ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ትስቃለች። አለቀ። ዓይን እስኪርገበገብ ነው። ሌላ የምትንቀሳቀስበት ቦታ የለንም።

«በአንደኛ ማርሽ አድርጊልኝ» አልኳት።

ትርፌ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረች። ከዚያ አደረገችው። ፋንታዬ እንደተሰበረ ሰዓት ሆነች። ቆም፣ ዘለል፣ ቆም። ሌላ ዘዴ ሞከረች፤ ኮምፒውተሩ የጎደለውን እየገመተ ሞላው፣ ፊቷ ግን እንደ ሰም ቀለጠ። «አጥፊው!» ብዬ ጮኽኩ።

«አባ፣ በመካከሉ ምንም የለም እኮ። ያኔ የተነሳው በሃያ አምስት ነው።»

«በመካከሉ ፋንታዬ አለች።»

«ነበረች። ካሜራው ግን ዓይኑን ጨፍኗል።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ቀስ ብለው ሊያዩት የሚፈልጉትን ነገር ሳያነሱት በፊት ነው የሚወስኑት። በኋላ አይሆንም።»

ወጣሁ። ጣራ ሥር ቆሜ ዝናብ አየሁ። ለእሷ ምን ልበል፣ ልጅ ናት።

ነሐሴ 2

ጉልላት መጣ። ጓደኛዬ ነው፣ ጡረተኛ ጸሐፊ። አባቱ በጃንሆይ ጊዜ ከሰሜን በሹመት መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው። ሻይ ቀዳሁለት። ሲኒው ስስ ነው፣ ጫፉም ሰፊ ነው፣ ትንሽ ፈሰሰ።

«ሾፌሩ፣ መኪናውን አቆምክ እንጂ ሞተሩን አላጠፋህም እኮ» አለ እጄን እያየ።

ሳቅን። ከሄደ በኋላ ግን አልሳቅኩም። እጄን ጭኔ ሥር አድርጌ ተቀመጥኩበት።

ነሐሴ 6

የቤቴ በር ላይ ቆምኩ። እግሬ ትንሽ አሰበ። ደፉ ከፍ ያለ ነው። ጎርፍ እንዳይገባ ራሴ ነኝ ያን ግንድ ጠርቤ በሩ ሥር ያጋደምኩት። ፋንታዬ ሳትደናቀፍበት የቀረችበት ሳምንት አልነበረም፣ ትሰድበው ነበር። ቆይቼ ገባሁ።

ስንት ቆየሁ? ቦሼ ሣር ይዛ ስትሄድ ቆሜ ነበር። ስትመለስም።

ነሐሴ 7

ሀብታሙ ደወለ። ለሐዋሳው ክፍል መጋረጃ ምን ቀለም እንደምወድ ጠየቀኝ። ዘጋሁበት።

ነሐሴ 10

ዘዴ መጣልኝ። ሌሊቱን ሙሉ ሳመነዥከው አድሬ ማለዳ ትርፌን አስጠራኋት።

«ቁጥሩን ከፍ ስታደርጊ ሰው ይዘገያል። ዝቅ ብታደርጊስ?»

«ይፈጥናል። በአሥራ ሁለት ባነሳህና በሃያ አምስት ባጫውትህ እጥፍ ትፈጥናለህ።»

«እንግዲያው በአሥራ ሁለት አንሺኝ። ከውጭ በር እስከ ቤት። ለሀብታሙ ላኪለት። አባቱ እንዴት እንደሚራመድ ይይ።»

እጄን አየች። ከዚያ ካሜራዋን አየች። ይህች ልጅ ዝም ስትል እናቷን ነው የምትመስለው። «እሺ አባ» አለች።

ነሐሴ 13

ተነሳሁ። የበዓል ኮቴን ለበስኩ። ደፉ ጋ ሳልደርስ አቁሚ አልኳት። ራሴን ቀጥ አድርጌ፣ እጄን ኪስ ከትቼ ሄድኩ። ምሽቱን አየሁት። ጎረምሳ! ሚስት ሊያጭ የሚሄድ ነው የሚመስለው። ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አየሁት። ላከችው።

ነሐሴ 14

ሀብታሙ ደወለ። ገና ሃሎ ሳልል ሳቁ መጣ።

«አባ፣ ዶሮዋን ምንድነው ያበላሃት?»

«የምን ዶሮ?»

«ከኋላህ ያለችው! እንደ ጥይት ነው የምትሮጠው። እትዬ ቦሼ ደግሞ ሸክሟን ይዛ ፍሬን እንደተበጠሰበት አይሱዙ በአጥሩ አለፈች። ጭሱስ? ከማድ ቤት የሚወጣው ጭስ እኮ እየዘለለ ነው።»

እኔ ያየሁት ራሴን ብቻ ነበር።

ሳቁ ቆመ። «አባ» አለ፣ «እኔን ለማታለል ይህን ያህል ከደከምክ፣ ነገሩ ካሰብኩትም የባሰ ነው። ለጊፋታ እመጣለሁ። ዕቃህን አዘጋጅ።»

ትርፌን ጠራኋት። «ዶሮዋን አይተሻት ነበር?»

«አይቻታለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ቁጥር ዝቅ አድርጊ አልከኝ እንጂ መቼ ጠየቅከኝ?»

ቦሼ ወሬው ደርሷት ከአጥር ማዶ ትጮኻለች፦ «ጋሽ ዳልጮ! በዚህ ዕድሜዬ ሳታስፈቅደኝ ታሯሩጠኛለህ? ወገቤን አመመኝ!»

ዶሮዋን ለጊፋታ አርዳታለሁ።

ነሐሴ 17

ሞኝ። ሽማግሌ ሞኝ። ሌላ የሚጻፍ የለም።

ነሐሴ 22

አመሻሹ ላይ ትርፌ ካሜራዋን ቤት ውስጥ ትሞክር ነበር። መብራት ነበረ ለጊዜው። ቁጥሩን ከፍ አድርጋ አምፖሉን አነሳችና አሳየችኝ። አምፖሉ እንደ ልብ ይመታል። ይፈዛል፣ ይደምቃል፣ ይፈዛል።

«ተበላሽቷል?»

«አይደለም። ሁሉም አምፖል እንዲህ ነው። ሁልጊዜ ይንቀጠቀጣል። የእኛ ዓይን አይደርስበትም እንጂ።»

አምፖሉን ቀና ብዬ አየሁት። ጸጥ ብሎ ይበራል። እኔንም ሲያታልለኝ ኖሯል። ከዚያ እጄን ከጭኔ ሥር አወጣሁና ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። ትርፌም አየችው። አብረን እያየነው ተቀመጥን፣ እሱም ሥራውን ሠራ። ቆይታ እጇን ደረበችበት። የእሷ እጅም ከላይ አብሮ ተንቀጠቀጠ።

ከዚያ መብራት ጠፋ።

ነሐሴ 29

ሀብታሙ እኔን እንደ አሮጌ ዕቃ ነው የሚያየኝ። አንስተህ ከዚህ ጥግ እዚያ ጥግ የምታደርገው ዕቃ። እዚያ ወስዶኝ ማንን አያለሁ? ማለዳ መስኮት ከፍቼ ለማን እንደምን አደርሽ እላለሁ?

ዛሬም በሩ ላይ ቆምኩ። ዝናቡ ኮቴን እስኪያረጥበው።

ጳጉሜን 2

ትርፌን አንድ ነገር ጠየቅኳት። «በመቶው ስታነሺ ድምፁስ? ድምፁም ይጎተታል?»

«ድምፅ የለውም። ቁጥሩን ስቀይር ይሄ ካሜራ ድምፅ አይቀዳም።»

«ምንም?»

«ምንም። ለምን ጠየቅክ?»

«እንዲሁ።»

ትናንት ያቺን ሕልም ደግሜ አየኋት። አሁንም ጉንጯ ላይ ቆመች። ሰው በአንድ ሕልም ውስጥ ስንት ፎቶ ያነሳል? ምናልባት እኔም ያኔ ዓይኔን ጨፍኜ ይሆናል፣ ምናልባት መንገዱን እያየሁ። ሁልጊዜ መንገዱን ነበር የማየው።

መስከረም 9

ፀሐይ ወጣች። ዳሞታ ታጥቦ የተሰጣ ልብስ መስሏል። የእንሰቱ ቅጠል ብርሃን ጠጥቶ ከውስጥ የሚበራ ይመስላል፣ ፋንታዬ ያለችበት ቦታ ሣሩ ጉልበት ደርሷል።

ትርፌን ጠራኋት። «ነዳጅ መጥቷል። አንሺኝ፤ በመቶው።»

ዓይኗ እንባ ሞላ። ካሜራውን የምታስተካክል አስመሰለች። «ሀብታሙስ ቢያየው?»

«ይይ። እሱ ባለበት አንሺኝ። ደፉንም አትቁረጪ። በኋላ በመካከሉ ምንም የለም እንዳትሉ።»

መስከረም 13፣ ቅዳሜ፣ የጊፋታ ዋዜማ

ሀብታሙ ገባ። ወፍሯል። «ሳሮ አባ» ብሎ አቀፈኝ፣ ሲያቅፈኝም ክብደቴን እንደሚመዝን ታወቀኝ። ጉልላት ወንበር ይዞ መጣ፣ ሲኒማ ቤት ያለ ይመስል። ቦሼ በአጥሩ ቆማ «ዛሬ እንዳታሯሩጡኝ፣ ሙቹዋ ይዣለሁ» አለች። ሰሃኑ ላይ ቅቤው ያበራል።

ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል ትርፌ «አሁን» አለች።

እጄን ኪስ አልከተትኩም። ከውጭ በር ተነሳሁ። በግቢዬ እንዲህ ሆኜ ሄጄ አላውቅም። ከእንሰቱ ጎን አለፍኩ፣ ከዶሮዋ ጎን አለፍኩ (እስካሁን አልታረደችም፣ ነገም የምትታረድ አይመስለኝም)። ደፉ ጋ ደረስኩ። እግሬ ቆመ።

ግንዱን አየሁት። እሱም አየኝ። ድምፅ እንደማይቀዳ አውቅ ነበርና የምለውን አልኩ፤ ለማን እንዳልኩ እኔና እሷ እናውቃለን። ስናገር ቀኝ እግሬ ተነሳ፣ ግንዱን ነካ፣ አላለፈውም። ወደ ፊት ሄድኩ፣ እግሬ ግን ቀረ።

ከኋላዬ ሩጫ ሰማሁ። ሀብታሙ ብብቴ ሥር ያዘኝ።

«ልቀቀኝ፣ አበላሸኸው!» አልኩት።

«ይበላሽ!» አለ። ትርፌ ካሜራውን አላጠፋችም።

መስከረም 14፣ ጊፋታ

ሥጋው ተበላ፣ ዳጣው አላበን፣ እንግዳው ሄደ። ትርፌ ኮምፒውተሯን ጠረጴዛው ላይ ከፈተች።

በብርሃኑ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ይሄዳል። እጁ ይንቀጠቀጣል፤ በዝግታ ሲታይ ግን መንቀጥቀጥ አይመስልም፣ ነፋስ የያዘው ቅጠል ነው። ደፉ ጋ ቆመ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ረጅም ጊዜ ቆመ፣ ረጅም፣ እኔም ስለ እሱ ፈራሁ። ወደቀ። በአንደኛ ማርሽ ሰው ሲወድቅ መውደቁን ከማወቁ በፊት የሚያርፍበት ቦታ አለ።

ከዚያ ከጎን ሀብታሙ ገባ። አፉ ተከፍቷል። ሁለት እጁን ዘርግቷል። አንድ ጫማው ከእግሩ ወልቆ በአየር ላይ ይቀራል፣ እሱ ግን አላየውም። ፊቱ የቢሮ ሰው ፊት አይደለም። ትንሽ ልጅ ሆኖ ከመኪናዬ ኋላ እየሮጠ ሲያለቅስ በመስታወት የማየው ፊት ነው። ያኔ አንድ ጊዜ አየዋለሁ፣ ከዚያ መንገዱ ይታጠፋል። ዛሬ አልታጠፈም። ፊቱ ከእኔ እስኪደርስ ድረስ አየሁት፣ ልክ እስኪይዘኝ።

ሊጭነኝ የመጣ ሰው እንዲህ አይሮጥም።

«ሀብታሙ» አልኩ፣ ስክሪኑን እያየሁ። «እሄዳለሁ። ሐዋሳ ካልክ ሐዋሳ።»

ዞር ስል አጎንብሶ ፊቱን በእጁ ይዟል። ቆይቶ «በሩ ላይ ምን አልክ?» አለኝ።

«ለአንተ አይደለም።»

እንባውን እየጠረገ ሳቀ። ተነሳ። ወጣ። በአጥሩ በኩል «ጋሽ ጉልላት፣ መጋዝ አለህ?» ሲል ሰማሁት።

መስከረም 16

ሀብታሙ ትናንት ሲጋዝ ዋለ። መጋዝ መያዝ አያውቅም፣ የቢሮ ሰው ነው፤ ጉልላት ወንበሩ ላይ ሆኖ «ወረቀት አይደለም እኮ የምትቀደው!» እያለ ሲሰድበው ዋለ። ግንዱ ወጣ። ለጎርፉ ከቤቱ በላይ ቦይ ቆፍሮልኝ ዛሬ ማለዳ ብቻውን ሄደ። ውል አለን። ሐሙስ ከትርፌ ጋር ኦቶና ሆስፒታል ሐኪም ዘንድ እሄዳለሁ፣ አልዋሽም። ትርፌ ኮምፒውተሯን ይዛ ከእኔ ጋር ልትኖር ትገባለች፤ ይህ ካልሆነ ለገና ሳልከራከር ሐዋሳ።

ቦሼ ግንዱን ለማገዶ ለመነችኝ። አልሰጠኋትም። ፋንታዬ ስትሰድበው የኖረችው ግንድ ነው። ከእንሰቱ ማዶ ወሰድኩትና መቀመጫ አደረግሁት።

እዚያ አመሸሁ። ሲጨላልም ተነሳሁ፣ ግቢውን አቋረጥኩ፣ በሩ ጋ ደረስኩ። ምንም የለም፣ ሜዳ ነው። እግሬ ግን አላመነም። ከፍ አለ፣ የሌለውን ግንድ ተሻገረ፣ ቀስ ብሎ ወረደ።

«ቀስ በል» አለች።

«እሺ» አልኳት።